ሁለት ሰው ያህል የጠለቀው ታንኳ

ጂን የለም አልልም፣ በቁርኣን የተነገረ ነገር ነው፤ እኔ የማላምነው «አየሁት» የሚለውን ሰው ነው። እዚህ ጣና ዳር ተወልጄ፣ ውሃ ዳር የሚበቅለውን ደንገል እያጨድሁና በእሱ ታንኳ እያሰርሁ ሃምሳ ዓመቴን ደፈንሁ፣ ጭጋግ ውስጥ ሰው ጠራን፣ እሳት አየን የሚሉ ዓሣ አጥማጆች ላይ ስንቴ እንደሳቅሁ ራሳቸው ይንገሩህ። ስለዚህ ይህን የማወራህ እንድታምነኝ ብዬ አይደለም፣ ለብቻዬ ይዤው መዞሩ ስላቃተኝ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሰዒድ ወታደር ነው። ለሰላም ማስከበር ግዳጅ ከአገር ወጥቶ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ክረምት መግቢያ ላይ ተመለሰ፣ እጁም እግሩም ሙሉ ነው፣ እኛም አልሐምዱሊላህ ብለን በግ አረድን። ሰውዬው ግን ሌላ ሆኖ ነው የመጣው። ግድግዳ ተደግፎ፣ ፊቱን ወደ በር አዙሮ ቁጭ ብሎ ያነጋል፤ ደጅ ላይ የባጃጅ ጭስ ማውጫ በፈነዳ ቁጥር መሬት ላይ ይወድቃል፤ የአራት ዓመት ልጁ እሱን ስታይ ከእናቷ ቀሚስ ሥር ትገባለች። ሚስቱ ዘምዘም አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ ባልሽ መጣልሽ ይሉኛል፣ እኔ ግን እስካሁን እየጠበቅሁት ነው» አለችኝ።

ጤና ጣቢያ ወስጄው ነበር። ሐኪሟ፣ «ከግዳጅ የመጣ ጭንቀት ነው፣ ይታከማል፣ እናንተም ብቻውን አትተዉት፣ ያውራችሁ» አለችን። እሱ ሁለተኛ አልሄድም አለ። «ምን ብዬ ነው የምነግራት? ጃርሶ አሁንም ከኋላዬ ተቀምጧል ልበላት?» ጃርሶ የቦረና ልጅ ነው፣ እዚያ ግዳጅ ላይ የማይለያዩ ጓደኛሞች ነበሩ፣ መኪናቸው ፈንጂ ስትረግጥ ሰዒድ ከፊት ነበር፣ ጃርሶ ከኋላ፤ ጃርሶ እዚያው አለፈ። ማዶው የማይታይ ውሃ አይቶ ስለማያውቅ፣ ሲመለሱ ጣና ላይ በታንኳ ሊያንሸራሽረው ሰዒድ ቃል ገብቶለት ነበር። እኔ ይህን ሰምቼ የመለስሁለትን ሳስበው እስከ ዛሬ አፍራለሁ፤ «የሞተ ሞቷል፣ ወንድ አይደለህ እንዴ? ሥራ ስትጀምር ይተውሃል» አልሁትና አዲስ ታንኳ አሰርሁለት።

እኛ ታንኳ የምናስረው በሰው ልክ ነው፣ ደንገሉ እንደ ተሳፋሪው ክብደት ይበዛል፣ ያንሳል፤ ሰው ሲቀመጥበት ውሃው የት ድረስ እንደሚመጣ ሳላይ አውቀዋለሁ። የሰዒድን ለአንድ ሰው ነው ያሰርሁት፣ ያውም ከሳ ላለ ሰው። ልብስ እንዳይርስ ደግሞ መቀመጫ የምትሆን አንዲት ትንሽ የደንገል እስር ከላይ እናደርጋለን። በሁለተኛው ቀን ሰዒድ ከንጋቱ ሱብሒ ሶላት በኋላ ዓሣ ሊያጠምድ ሲወጣ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ፣ ሁለት መቀመጫ አደረገ። ሲያደርግ አየሁት።

ጭጋግ ነበር፣ ካፊያም ጀመረ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ዳር ቆሜ ስጠብቀው ድምፁ መጣ። ያወራል። ከዚያ ዝም ይላል፣ ሰው መልስ የሚሰጥበትን ያህል፣ ከዚያ ደግሞ ይቀጥላል። ውሃ ላይ ብቻውን የሚያወራ ሰው ብርቅ አይደለም፣ እኔም አወራለሁ፤ ቀጥሎ ግን ሳቀ። ከተመለሰ ጀምሮ ስቆ አያውቅም፣ እመነኝ፣ እኔን ግን ደስ አላለኝም።

ታንኳው ከጭጋጉ ሲወጣ መጀመሪያ ያየሁት ወንድሜን ሳይሆን የውሃውን ልክ ነው። ከምጠብቀው ስንዝር ያህል ከፍ ብሏል። ከኋላ ማንም የለም። ዓሣ ቀንቶት ይሆናል አልሁ፣ ሦስት ቀረሶ ዓሣ ብቻ ነው የያዘው። ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ይሆናል እንዳልል ታንኳው ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው፣ ያደረቅሁትም እኔው ነኝ። ሰዒድ ወረደ። ከዚያ፣ ወላሂ ነው የምልህ፣ ማንም ሳይነካው የታንኳው ኋላ ዘንበል አለና ተመልሶ ቀና አለ፣ ሰው ሲወርድ እንደሚያደርገው።

እጄን ሰድጄ ከኋላ ያለችውን መቀመጫ ነካሁ። ካፊያው ታንኳውን በሙሉ አርሶታል፤ የዚያች እስር መሐል ግን ተጎድጉዶ፣ ልክ እንደ ሰዒድ መቀመጫ ደረቅ ነው።

ሰዒድ ፊቴን አየና፣ «ጋሼ፣ አንተም አየኸው?» አለኝ። አየሁ ብል እንዳይብስበት ፈራሁ፣ ምንም አላየሁም ብል ደግሞ ብቻውን ልተወው ነው። «ሰው አላየሁም፣ ታንኳው ግን ጭነት ነበረበት» አልሁት። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፣ እኔም አብሬው። ያን ዕለት ጠግቦ በላ፣ ተኛም፣ በማግስቱ «ሐኪሟ ጋ ውሰደኝ» ያለኝ ራሱ ነው። አሁንም በየሳምንቱ ይሄዳል፣ ልጁም ጭኑ ላይ መቀመጥ ጀምራለች።

ሐይቁን ግን አልተወም፣ ታንኳውም እንደዚያው ጠልቆ ነው የሚመለሰው፣ አንድ ቀን ነፋስ ቢያገኘው ይገለበጣል። ሐኪሟ «አብራችሁት ውጡ» አለችን፤ እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ያቺ እስር ላይ መቀመጥ አልቻልሁም። ባለፈው ሳምንት ዘምዘም፣ ሰዒድ ባለበት፣ «ጋሼ፣ ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራለት፣ ከኋላው እኔ እቀመጣለሁ» አለችኝ። ከተማ ያደገች ልጅ ናት፣ ውሃ ትፈራለች፣ ታንኳ ላይ ወጥታ አታውቅም። ሰዒድ እጇን ያዘ፣ ደስ እንዳለው ያስታውቃል። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ታዲያ ጃርሶ የት ሊቀመጥ ነው?» አላት።

እኔ ደንገሉን አጭጄ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ፣ ለሦስት ሰው የሚበቃ ነው።