ከድልድዩ ሥር የወደቀው አርማታ

ቡርሃን ወንዙ ዳር በግንባሩ ተደፍቷል። አንድ ሰው በጭንቅ የሚያነሳው የአርማታ ቁራጭ ማጅራቱ ላይ ተጭኖታል። ከበላዩ፣ ቁራጩ የወጣበት የድልድዩ አግዳሚ ተቦርቡሮ ይታያል። ይህ የሆነው በ1962 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ አዲስ አበባ፣ ከአብነት ሰፈር በታች ባለች ትንሽ ድልድይ ሥር ነው።

ቡርሃን የድልድይ መርማሪ ነበር። ድልድይ ሳያፈርስ ሕመሙን ያውቃል፤ አርማታውን በመዶሻ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል፣ ከውስጥ ካለው ብረት፣ ከፌሮው ጋር ሽቦ አያይዞ በመሣሪያው መርፌ ዝገቱን ይከታተላል። ሳምንቱን አብሮት መዶሻ ሲመታ የሰነበተው የሚስቱ ወንድም ጃፋር አሁን በካቴና ታስሯል። በኃይል መትቶ የበሰበሰ አርማታ ጣለበት ተብሏል። ሚስቱ ሀጅራ ከወንዙ ገደል አፍ ተቀምጣ፣ አንዴ የባሏን ሬሳ አንዴ ወንድሟን ታያለች።

የፖሊሱ መቶ አለቃ አስናቀው መጀመሪያ ያነጋገረው ጃፋርን ነው። ለቀትር ሰላት አንዋር መስጊድ ሄዶ ሲመለስ ሞቶ እንዳገኘው ተናገረ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያየኝ አለ ብሎ ግን የሚጠራው አልነበረውም።

ቀጥሎ፣ ከድልድዩ አጠገብ የጨው መጋዘን ያላቸው እትዬ ሠርኬ ተጠሩ።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል።»

«አዎ፣ ሰድቤዋለሁ። ከመጋዘንዎ የሚንጠባጠበው የጨው ውሃ ፌሮውን በላው፣ ጨውዎ ይነሳ አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሻይ አወረድኩለት። የቱን ነው ያበላሸሁብህ ስለው በከሰል ያሰመረውን አሳየኝ። በኖራ የሳልከው ነጭ ክብስ ብለው፣ እሱ ጤነኛው ነው እትዬ፣ ደስ ይበልዎት ብሎ ሳቀብኝ።»

ድልድዩን የሠሩት ተቋራጭ አቶ ኃይለመለኮት ሳይጠሩ መጥተዋል። ቀዳዳውን ዛሬውኑ በራሳቸው ሲሚንቶ እንደሚደፍኑ ነገሩት።

«ሰሞኑን ወደዚህ ወርደው ነበር?»

«ከተሠራ ወዲህ ወርጄ አላውቅም። ምን ልሠራ?»

«ታዲያ እንዴት የወደቀ ይመስልዎታል?»

«ራሱ በነጭ የከበበው ቦታ ነዋ። የበሰበሰ መሆኑን እያወቀ ሥሩ ቆመ። ነፍሱን ይማር።»

አስናቀው የሟቹን መዶሻ አንስቶ በቀዳዳው ዙሪያ መታ፤ አርማታው ጥርት ብሎ ጮኸ። በከሰል የተሰመረውን ሲመታ ባዶ ሣጥን የተመታ መሰለ። ከዚያ ቁራጩን አስገለበጠ። ማጅራቱ ላይ ተደፍቶ በነበረው የቁራጩ ገጽ ላይ ነጭ ክብ ወጣ።

ሁሉንም ከድልድዩ ሥር ሰበሰባቸው።

«ዝገት አርማታ የሚጥለው ፌሮው አብጦ ሲሰነጥቀው ነው፤ ስብራቱ ቡናማ ይሆናል። ይህ ንጹሕ ነው፣ ዙሪያውም ጠንካራ። አልወደቀም፤ ተፈንቅሏል። ቡርሃን ከኋላው ተመትቶ ከሞተ በኋላ ነው የተጫነበት። ሳምንቱን ሙሉ በመዶሻ ሲደበደብ ለሰነበተ ድልድይ ድምፅ ማን ጆሮ ይሰጣል? አደጋ ማስመሰል የፈለገ ሰው የታመመውን ቦታ ይመርጣል። ጃፋርና እትዬ ሠርኬ የቱ እንደታመመ ያውቃሉ፤ እዚያ ቢመቱት በቀላሉ ይረግፍ ነበር። ገዳዩ ግን ነጩን ክብ የበሽታ ምልክት አድርጎ ወሰደው።»

ወደ አቶ ኃይለመለኮት ዞረ።

«ክቡ የተሳለው በዚህ ሳምንት ነው፤ ቁራጩም እስካሁን ተደፍቶ ነበር። ካልወረዱ ከየት አዩት?»

«ሰው ነግሮኝ ነው።»

«የነገረዎት ሰው ጤነኛው መሆኑንም ይነግርዎት ነበር።»

ከመኪናቸው የኋላ ዕቃ መጫኛ፣ ከፖርቶባጋልዮው፣ የአርማታ ዱቄት የነካው መፈንቀያ ዲጂኖ ወጣ። አቶ ኃይለመለኮት ቀና ብለው ድልድዩን አዩ።

«ይህ ድልድይ ከተዘጋ የሠራኋቸውን ሁሉ በየተራ በመዶሻ እየመታ ጉዴን ሊያወጣ ነበር» አሉ።

የጃፋር ካቴና ተፈታ። ሀጅራ አልተነሳችም፤ እጁን ብቻ ያዘችው። ድልድዩ በዚያው ቀን በሁለቱም በኩል በገመድ ተዘጋ።

ለቀብር ሲነሱ ጃፋር ከቃሬዛው ፊት ገባ። ወደ ኮልፌ መቃብር አቋራጩ በዚያች ድልድይ ላይ ነበር። ለቀስተኞቹ ገመዱ ጋ ሲደርሱ ማንም ሳይነግራቸው ታጠፉ፤ ቡርሃንን በዙሪያው፣ በረጅሙ መንገድ ወሰዱት።