ነጭ ወንጭፍ

ፎቶ አንሺው ዘይኑዲን ኮምፒውተሩ ፊት እንደተቀመጠ፣ አንገቱ ላይ ቀጭን የገመድ ሰንበር ታትሞበት፣ ሞቶ ተገኘ። ቆቦ ደግሞ ወሬ አያድርባትም፤ ሬሳው ሳይነሳ ገዳይ መርጣ ጨርሳለች። ተማሪው ራዊያ ናት ተባለ። ስቱዲዮው ውስጥ ከተሰቀለው ቦርሳዋ ነጭ የቃጫ ወንጭፍ ወጥቷላ። ጎረቤቷ ኡሙሃኒም ገበያ መሀል ቆማ «ያሳደጋትን ገደለች» አለች። በጥቅምት፣ ማሽላው ሲያሽት፣ ወፍ የሚጠብቅ ሁሉ ወንጭፍ እንዳለው ማን ያስታውስ?

ኢንስፔክተር የሻረግ ግን ለወሬ አትቸኩልም። አጭር ሴት ናት፤ ሰው ሲዋሽ አታቋርጠውም፣ እስኪጨርስ ትጠብቀዋለች። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አስከፈተች። የመጨረሻው ሥዕል የተቀመጠው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ አምስት ሰዓት ላይ በከተማው መብራት ጠፍቶ እስከ ማታ አልመጣም። ሥዕሉ ድቅድቅ ጥቁር ሲሆን መሀሉ ላይ ጫፉ ሦስት ቦታ የተቋጠረ ነጭ ወንጭፍ አለ። ከሥሩ «የራዊያ ወንጭፍ» ይላል።

«ይሄ ምንድነው?» አለችው ስቱዲዮው ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራውን ሄኖክን።

«ፎቶግራም ይባላል፤ የጥላ ሥዕል ማለት ነው። ድሮ ጨለማ ክፍል ውስጥ ዕቃውን የፎቶ ወረቀት ላይ አስቀምጠው መብራት ያበሩበት ነበር። ብርሃን የነካው ይጠቁራል፣ ዕቃው የሸፈነው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ጋሼ ዘይኑ ያንኑ መልክ በስካነርና በፎቶሾፕ ያወጣው ነበር። እኔንና ራዊያንም አስተምሮናል።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«ጎብዬ፣ ሰርግ እየቀረጽኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ስመለስ ነው ሞቶ ያገኘሁት።»

የሟቹ የወንድም ልጅ ታሂር ሮቢት ውስጥ ሱቅ አለው። «ይህን ቤት ከረገጥኩ ሁለት ወር አልፎኛል» አለ። «የጥላ ሥዕል ምን ያደርግልኛል?»

«ስቱዲዮውን ለራዊያ ሊሰጣት እንደነበር ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ። የቤተሰብ ንብረት ለባዳ። ደግ አደረገ ልበል?»

ራዊያ ጣቢያ ነበረች። ሁለት ቀን ሙሉ «እመኚና ይቅለልሽ» ሲሏት ከርመዋል።

«ያላደረግሁትን አላምንም» አለች የሻረግን እንዳየቻት። «መቶ ጊዜ ጠይቁኝ፣ መልሴ ያው ነው። አባቴ ሲሞት አባት የሆነኝ እሱ ነው። ለቅሶውን እንኳ አላስደረሳችሁኝም።»

«ከቦርሳሽ የወጣው ወንጭፍ ያንቺ ነው?»

«አይደለም።»

«ሥዕሉ ላይ ያለውስ?»

«እሱ የእኔ ነው። ጋሼ ስካን አድርጎ መለሰልኝና ይዤው ማሽላ ልጠብቅ ሄድኩ።»

«አሁን የት ነው?»

«ማሳው ላይ፣ ማማው ላይ ተሰቅሏል። እስከዛሬ ማን ጠየቀኝ? የመጣው ሁሉ ሊያስፈራራኝ ነው የመጣው።»

የሻረግ ይህቺን ልጅ ወደደቻት፤ ፊቷ ላይ ግን አላሳየችም። ወደ ማሳው ሰው ላከች።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበች። ኡሙሃኒና ጎረቤቱ በሩን ሞልተውታል። የሻረግ ከቦርሳው የወጣውን ነጭ ወንጭፍ ለራዊያ ሰጠቻት።

«ጋሼሽ እንደሚሠራው ሥሪው።»

ራዊያ ወንጭፉን ስካነሩ መስታወት ላይ አድርጋ ክዳኑን ዘጋች። ከዚያ ፎቶሾፑ ላይ ቀለሙን ገለበጠችው። ነጩ መደብ ጠቆረ፤ ወንጭፉም አብሮ ጠቁሮ ለዓይን ጠፋ።

የሻረግ ከማማው የመጣውን ወንጭፍ አወጣች። ከጥቁር ፍየል ጠጉር የተገመደ ነው። ራዊያ ያንኑ ደገመችው። ጥቁሩ ወንጭፍ ሦስት ቋጠሮውን እንደያዘ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ልክ የዘይኑዲን ሥዕል።

«በድሮው ወረቀት ቢሆን ነጩም ጥቁሩም ነጭ ይሆናል» አለ ሄኖክ ቀስ ብሎ። «ፎቶሾፕ ግን ቀለም ነው የሚገለብጠው።»

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች የሻረግ። «ገበያ የሚሸጥ ወንጭፍ ጫፉ አይቋጠርም፤ ቦርሳው ውስጥ የተገኘው ግን ሦስት ቋጠሮ አለው። ያስቀመጠው ሰው ሥዕሉን አይቶ አስመስሎታል። ሥዕሉ ኮምፒውተሩ ላይ የታየው ከአራት ሰዓት መብራት እስከጠፋበት እስከ አምስት ሰዓት ብቻ ነው፤ ስለዚህ በዚያች ሰዓት ሰውየው እዚህ ነበር። ሄኖክ ወይም ራዊያ ቢሆኑ ጥቁር ወንጭፍ ይፈልጉ ነበር፤ ሥራውን ያውቁታላ። ሥራውን የማያውቅ ግን ሥዕሉ ነጭ ሲያሳየው አይጠራጠርም፤ በእኛ አገር ወንጭፍ ሲባል ቃጫ ነው፣ ቃጫም ነጭ ነው። አይደል ታሂር?»

«በገመድ ቀለም ሰው ይታሰራል?» አለ ታሂር።

«በእሱ ብቻማ አይታሰርም። አራጌ፣ ግባ።»

ገበያ ላይ ገመድና ወንጭፍ የሚሸጠው አራጌ ገባ። ታሂርን አየት አድርጎ «እሱ ነው» አለ። «መብራት የጠፋ ዕለት ረፋዱ ላይ ነጭ ወንጭፍ ከእኔ ገዛ። ሳይከራከር ስለከፈለኝ ገርሞኝ ነበር።»

ታሂር ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ደመኛው እኔ ነኝ» አለ። «ልለምነው ነበር የመጣሁት። እሱ ግን ዞሮ እንኳ አላየኝም፤ የእሷን ሥዕል ይሠራል። የካሜራው ማንገቻ አጠገቤ ነበረ። ወንጭፉን ኋላ ገዝቼ፣ እንደ ሥዕሉ ቋጥሬ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩት።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ኡሙሃኒ ወደ ራዊያ ቀረበች።

«ልጄ፣ ሸይጧን አሳስቶን ነው። አፉ በይን።»

ራዊያ ከወንበሩ አልተነሳችም። እንባዋ ይወርዳል፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። «አሁን አፉ አልልም፣ እትዬ ኡሙሃኒ። ገበያ መሀል ቆመው ገዳይ ብለውኛል። ገበያ መሀል ቆመው ዋሸሁ ይበሉ። ከዚያ ይምጡ።»

ኡሙሃኒ ሌሎቹን ዞራ አየች፤ ማንም ቀና አላለም። ሻሿን አስተካከለችና ብቻዋን ወደ ገበያው ሄደች።