በባዶ እግር የተረገጠ ዘር

ንግሥት ሳልዋን ዘውድ በደፋች ዕለት፣ በአዝማር ምድር ዝናብ ተጠብቆ አመድ ዘነበ። ኮከብ ቆጣሪዎች ተሰብስበው ሲከራከሩ ዋሉ። ሰዊት የምትባል ወጣት ግን አመዱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ኮከብ አላስፈለጋትም። ቃሞት የተባለው አውሬ ለወርቅ ሲል ካረሰው ከጎርባ ሜዳ ነው። አውሬው ተገድሏል፤ ሜዳው ግን ከአውሬው ብሶ ቀረ። አመዱ የነካው ሥጋ ይደነዝዛል። ከሥሩ ወርቅ ሲያወጡለት ጉድጓድ የተደረመሰባቸው ሦስት መቶ ቆፋሪዎች ተቀብረዋል፤ አንዱ ወንድሟ ናዖድ ነው። መርዶው ሲመጣ አላለቀሰችም። ሰው «ጨካኝ» አላት። ጨክና ሳይሆን ደንዝዛ ነበር።

ንግሥቲቱ በአደባባይ ተናገረች፦ «ክረምቱ ሳይከብድ ጎርባ ሣር ካልለበሰ፣ ጎርፍ አመዱን ጠርጎ የወንዙን ዳር መንደር ይውጣል።» መንደሩ የሰዊት እናት የምትኖርበት ነው።

«ናዖድ የተኛበት አፈር ምስክሬ ይሁን» ብላ ማለች ሰዊት፤ «ሜዳውን ሳላለብስ ቤቴ አልገባም።»

አባ ሽመል ከሚባሉ ሽማግሌ ጋር የሣር ዘር ፍለጋ የሪብን ተራራ ወጣች። ዘሩን የሚጠብቀው ባለ ሁለት ራስ አሞራ የአባን አንድ ዓይን ወሰደ፤ እነሱም ሁለት ስልቻ ወሰዱ። ሙጃ፣ ማገጥ፣ አደይ አበባ፣ ስሙ የተረሳ ሣር ሁሉ አለበት።

«አንድ ዓይን ዘርን ከጠጠር ለመለየት ይበቃል» አሉ አባ።

የአዝማር ሰው ደግሞ እስከ አጥንቱ ገበሬ ነው። ሁለቱ አመዱ እንዳይነካቸው የእንጨት ጫማ ተጫምተው፣ በጥልቀት ቆፍረው፣ የመጀመሪያውን ስልቻ እንደ ማሽላ አሳምረው ቀበሩት። ሃያ ቀን ጠበቁ። አንዲት ቅጠል ብቅ አላለችም። አባ ሽመል አፈሩን በእንጨት ጫሩት፤ ዘሩ በስብሷል።

«ገበሬነታችን ጉድ ሠራን» አሉ ቁጭ ብለው። «የዱር ሣር ማን ቀብሮት ያውቃል? ላይ ላዩን ይወድቃል፣ የዱር እንስሳ ይረግጠዋል፣ ይበቅላል። እዚህ ግን እንስሳ አይደርስም። በእንጨት ጫማ ከረገጥነውም ይሰጥማል። ባዶ እግር ነው የሚፈልገው፣ ልጄ።» ይህን ብለው ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ አሉ።

«ይተዉት አባ። እርስዎ ዓይንዎን ሰጥተዋል።»

ሰዊት የቀረውን ስልቻ እየበተነች ዘጠኝ ቀን ረገጠች። በመጀመሪያው ቀን እግሯ ተቃጠለ፣ በሁለተኛው ነዘራት፣ በሦስተኛው ምንም የለም። እሷም ብዙ አልገረማትም፤ ልቧ ይህን መንገድ ቀድሞ ሄዶበታል። ጉድጓዱ የተደረመሰበት ቦታ ስትደርስ ቆመች።

«ናዖድ፣ ልረግጥህ ነው። ይቅር በለኝ» አለችና ቀጠለች። እንባ አልመጣም።

ዝናቡ በስሱ ጀመረ፤ ሣሩም ከዝናቡ እኩል ወጣ። ትልቁ ጎርፍ ሲወርድ ሥሩ አመዱን ጨብጦ ያዘው። መንደሩ ጠዋት እንደ ወትሮው ተነሳ።

ሰማይ ሲጠራ ጎርባ በአደይ ቢጫ ሆነ። ንግሥቲቱ ማዕረግና ካባ ላከች፤ ሰዊት ካባውን ለአባ ሽመል ሰጠች። እግሯ መሬት አያውቅምና እናቷ ደግፋ አምጥታ ሣሩ ላይ አስቀመጠቻት።

«እማዬ፣ ጤዛ አለው?»

እናቷ በመዳፏ ዳሰሰችው። «አለው ልጄ።»

«ይቀዘቅዛል?»

እናቷ እርጥብ መዳፏን አንስታ የልጇ ጉንጭ ላይ አሳረፈች። ይቀዘቅዛል። ሰዊት ያን ጊዜ ናዖድን አለቀሰችው።