ሐምዲ የሠራት ሳጥን

ሐምዲ የተገኘው በጫጩት ማስፈልፈያው ክፍል፣ በእንቁላሎቹ መካከል ሞቶ ተዘርሮ ነው። የጋዝ ምድጃው ጋዙ እስኪሟጠጥ ነድዷል። የመንደሩ ሰው ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል፤ የገደለችው ሳጥኗ ናት።

ሳጥኗን ሟቹ ራሱ ነው የሠራት። በውስጧ ያለችው ማይክሮኮንትሮለር የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር የክፍሉን ሙቀት እያነበበች፣ ሲቀዘቅዝ ምድጃውን ትለኩሳለች፣ ሲግል ታጠፋዋለች። መርማሪው ሻምበል ፊክሪ ግን በሳጥን እጅ ላይ ካቴና አስሮ አያውቅም።

«እኛ ሙቀቱን በዐይናችን ቆብ ነበር የምንለካው፣ ሻምበል» አለ የሟች ታላቅ ወንድም ሙተወሊ፣ ሳጥኗን እንደ ጣውንት እያየ። «እንቁላሉን ዐይንህ ላይ ስታሳርፈው ይነግርሃል። እሱ ግን ሽቦ አምኖ ሞተ።»

«አባታችሁስ ማንን ያምኑ ነበር?»

የሟች ሚስት ዊዳድ ናት የመለሰችው።

«አባታቸው ሐጂ ደሱቂ በሰው ፊት ሙተወሊን ‹የሐምዲ ሳጥን ካንተ ዐይን ትበልጣለች› አሉት። ከዚያ ወዲህ ከእኛ ጋር እህል አልቀመሰም።»

«አንቺ፣ ምላስሽን ሰብስቢ!» አለ ሙተወሊ።

«ተዋት» አለ የዶሮ ነጋዴው ሹክሪ። «እኔም ሳጥኗን ሽጥልኝ ብዬው እምቢ ብሎኛል። ሻምበል ሁላችንንም በአንድ ገመድ ይሰሩን!»

ፊክሪ ጎንበስ ብሎ ክፍሉን መረመረ። የጭስ መውጫው በገለባ ተወትፏል። ሳጥኗ ሙቀት በምታነብበት ሽቦ ጫፍ ላይ እርጥብ ጨርቅ ተጠምጥሟል። አንድ እንቁላል አንስቶ በባትሪ አየው፤ ጥላ የለውም፤ ወለል ብሎ አበራ። ሌላም አነሳ፤ ያው ነው።

«ዊዳድ፣ እነዚህ ከገቡ ቆይተዋል?»

«የመፈልፈያ ጊዜያቸውን አጋማሽ አልፈዋል። በመብራት ሲታዩ የጽንሱ ደም ሥርና ጥቁር ጥላ አላቸው።»

ፊክሪ አጠገቡ ያለውን ሁለተኛውን ማስፈልፈያ ክፍል አስከፈተ። ጥላ ያላቸው እንቁላሎች እዚያ ሞልተዋል።

ሰዎቹን ሁሉ ግቢው ውስጥ ሰበሰባቸው። አባትየው ሐጂ ደሱቂ ከዘራቸውን ተደግፈው ተቀመጡ።

«ሳጥኗ አልተሳሳተችም፤ ዋሿት እንጂ» አለ ፊክሪ። «በእርጥቡ ጨርቅ ምክንያት ክፍሉ የቀዘቀዘ መሰላትና ምድጃውን ሳታጠፋ ቀረች። መውጫው ስለተወተፈ መርዛማው ጭስ እዚያው ታፈነ። ሐምዲም እንደ ልማዱ አጠገቧ ጋደም ብሎ ነበር። ሹክሪ ሊገዛት የሚመኛትን ሳጥን ስሟን አያጠፋም። ደግሞ ገዳዩ አስቀድሞ ጽንስ ያላቸውን እንቁላሎች አሽሽቶ፣ በምትካቸው ባዶዎቹን ደርድሯል። ባዶዎቹን በመብራት እየለየ የሚያስቀምጠው፣ የሁለተኛውንም ክፍል ቁልፍ የያዘው ማን ነው?»

«ለይቶ የሚያስቀምጠውም ቁልፉን የያዘውም ሙተወሊ ነው» አለች ዊዳድ ወደ እሱ ዞራ።

«ሌላ ሰው ቢሆን እንቁላሉን ከነሐምዲ ትቶት ይሄድ ነበር» አለው ፊክሪ። «ወንድምህ ሳያሳዝንህ ጫጩቶቹ አሳዘኑህ።»

«እነሱ ምን አደረጉኝ?» አለ ሙተወሊ ድምፁ ተሰብሮ። «አባቴን የቀማኝ እሱ ነው።»

ካቴናው እጁ ላይ ሲገባ ወደ አባቱ ቀና አለ።

«አባዬ፣ የእንቁላሎቹ መገላበጫ ሰዓት አልፏል። ሰው ይግባላቸው።»

ሐጂ ደሱቂ የተከፈተውን የማስፈልፈያ ክፍል በር ተመለከቱ።

«ማንን ላስገባ?» አሉ። «ከልጆቼ የትኛውን?»