ሰላምታ የሌለው ፍለጋ

ጋሼ ዓባይነህ በስደት አገር፣ ብሌንደን ታውንሺፕ በሚባል ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ ሶፋ ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ፖሊስ በሚውጡት የልብ መድኃኒት መመረዛቸውን አረጋግጦ፣ ላፕቶፓቸው ላይ ስለ መድኃኒቱ መርዝነት የተፈለገውን አየና «ራሱን አጥፍቷል» ብሎ ሄደ። ራሱን ላጠፋ ደግሞ ፍትሐት የለም።

ባለቤታቸው እትዬ ደስታ ለቤተልሔም ኮል አደረጉላት። ቤተልሔም የግል መርማሪ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለአዛውንቶች ኢንተርኔት ላይ መፈለግን ታስተምራለች። ባልና ሚስቱም ተማሪዎቿ ነበሩ።

«ልጄ፣ ባሌ ያለ ጸሎት አይቀበርብኝ» አሏት።

ላፕቶፑን ከፈተች። የጋሼ የቆየ ፍለጋ እንዲህ ይላል፦ «ጤና ይስጥልኝ፤ ጉልበቴን ምን ይሻለዋል? እግዜር ይስጥልኝ።» አይ ጋሼ! «ማሽን ሰላምታ አይፈልግም» ብትላቸው «ነውር ነው» እያሉ አስቸግረዋት ነበር። ሳቋ መጣ፤ ወዲያው አለቀሰች።

የመጨረሻው ቀን ፍለጋ ግን ሰላምታ የለውም። የመድኃኒቱ ስም በትምህርተ ጥቅስ ታጥሯል፤ ሻጮቹ እንዳይመጡ በመቀነስ ምልክት ተወግደዋል፤ የለመደ ሰው አፈላለግ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ የአንድ መንገድ ስምና «ገጭቶ ያመለጠ» የሚል፣ በአንድ የዜና ገጽ ብቻ ተፈልጓል፤ «ተያዘ» የሚል ዜና እንዳይመጣ ቃሉ ተቀንሶ።

«ጋሼ ተስፋዬ፣ ኮምፒውተር ይነካሉ?» አለች የሟቹን ወንድም።

«ኧረ እኔ ስልኩም በመከራ ነው!»

«ያን ሰሞን ምን ሰሙ?»

«ወንድሜ ልጁን ሚካኤልን ‹ነገ አብረን እንሄዳለን› ሲለው። የት እንደሆነ እንጃ።»

ሚካኤል የኮሌጅ ተማሪ ነው፤ አንድ ልጃቸው። መኪናው በር ላይ ቆማለች፤ አንደኛው የፊት መብራቷ አዲስ ነው።

«ምን ገጭተህ ነው?» አለችው።

«ዲር፣ አጋዘን። ላስት ዊክ።»

በማግስቱ ቤተልሔም ቄሱን ጨምራ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች።

«ጋሼ ራሳቸውን አላጠፉም» አለች። «ሰላምታ ሳይሰጡ ጽፈው አያውቁም። እትዬ ደስታ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበሩ፤ ጋሼ ተስፋዬ ኮምፒውተር አያውቁም። ላፕቶፑ ላይ የፈለገው ሰው መጀመሪያ ገጭቶት ያመለጠው ሰው ጉዳይ ፖሊስ ዘንድ የት እንደደረሰ አጣራ፤ ቀጥሎ መድኃኒቱን። ሚካኤል፣ አባትህ ሊወስዱህ የነበረው ለፖሊስ እጅህን እንድትሰጥ ነው፤ አንተ ግን በመድኃኒታቸው መረዝካቸው። አጋዘን ገጭቶ በዜና ራሱን የሚፈልግ የለም።»

ልጁ ወደ እናቱ ዞረ። «አይ ዋዝ ስኬርድ፣ ማሚ፤ ፈርቼ ነው» አለና ፊቱን ሸፈነ።

ቄሱ ቀስ ብለው «ፍትሐቱ ይደረጋል» አሉ።

ቤተልሔም የጠራችው ፖሊስ ልጁን ይዞት ሲወጣ እትዬ ደስታ አላለቀሱም። ላፕቶፑን ጭናቸው ላይ አድርገው ቤተልሔምን ቀና ብለው አዩዋት።

«የኔ አስተማሪ፣ ባሌን አገኘሽልኝ። ልጄን ደግሞ ምን ብዬ ጽፌ ልፈልገው? እስቲ አስተምሪኝ።»