የማይዘጋው ራዲዮ

ሌስተር ዱዳ የምስጋና በዓል ሲቃረብ ራሱን የሽቦ ቤት ውስጥ ቆለፈ። የሽቦ ቤቱ የቆመው በሚኒሶታዋ ሃርመን ፎልስ ከተማ፣ ከብረታ ብረቱ ሱቅ ፊት ለፊት፣ በረዶ በጋገረበት መንገድ ዳር ነው። ውስጡ አንድ ወንበር፣ አንድ ማይክሮፎንና ለምስጋና በዓል የሚታረደው ትልቅ የፈረንጅ ዶሮ፣ አንድ ቁጡ ተርኪ፣ አሉ።

«እንደምን አደራችሁ! ወንደላጤ ነኝ። ለበዓሉ ማዕድ የሚጠራኝ እስካላገኘሁ ድረስ ንቅንቅ አልልም። ጓደኛዬ ደግሞ የበዓሉን ምግብ ዝርዝር ባይሰማ ይሻለዋል።»

ጊዜው በየከተማው የማለዳ ራዲዮ አንድ ቀልደኛ የማይጠፋበት ነበር። በአሜሪካ የነጻነት ቀን ዝናብ የከተማውን ሰዎች ርችት ሲያበላሽባቸው፣ የርችቱን ድምፅ በሙሉ በራዲዮ በአፉ የተኮሰላቸው ይኸው ሌስተር ነው። በፋሲካም ከንቲባውን የዝይ እንቁላል አስታቅፎ ቃለ መጠይቅ አድርጎለታል።

ሰው እየመጣ ጠራው። የጥርስ ሐኪሙ ሚስት ጠራችው፤ ፖስተኛው ጠራው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሌላ ጥሪ እየጠበቅሁ ነው» ይላል በትሕትና። የማን ጥሪ እንደሆነ ሲጠይቁት ይስቃል።

የሚጠብቀውን ጥሪ የምታውቀው የራዲዮ ጣቢያውን ስልክ የምታነሳው አርዲስ ቶልፍሰን ብቻ ነበረች።

በመከር ወቅት ሌስተር ከአባቷ ዘንድ ሄዶ ነበር፤ ለጋብቻ ሊጠይቃት። ሃልቮር ቶልፍሰን ተርኪ አርቢና የፕሮቴስታንቶቹ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው።

«ልጄን ለካቶሊክ?» አሉ። «እሱስ ይሁን፤ በአፉ ርችት ለሚተኩስ ፌዘኛ? እኔ ማዕድ ላይ አይቀመጥም!»

በዚያው ዕለት የተርኪዎቹን ራዲዮ ዘጉት።

ተርኪ በጣም ደንጋጭ ፍጥረት ነው። ስለዚህ ሃልቮር የሰው ድምፅ እንዲለምዱ ብለው በየማለዳው ራዲዮ ይከፍቱላቸው ነበር። የለመዱትም የሌስተርን ድምፅ ነው። በማግስቱ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነፋስ አንድ በር ሲያላጋ፣ ተርኪዎቹ ደንብረው ጥግ ላይ ተደራረቡ። ከታች የነበሩት ታፍነው ሞቱ። አባትና ልጅ የሞቱትን አወጡ።

ከዚያ በኋላ ሃልቮር ራሳቸው ራዲዮኑን ከፈቱት። «ለተርኪዎቹ ነው» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት አርዲስ ማዕድ ስታሰናዳ አንድ ሳህን ጨመረች። አባቷ ሳህኑን አንስተው ቁም ሣጥን ውስጥ መለሱት።

«በዚህ ቤት የማዘው እኔ ነኝ።»

«ማዕዱን የምትባርከው ግን በእግዚአብሔር ስም ነው፣ አባዬ። እሱ ደግሞ ይሄን ሰው አልጠራሁትም ብሎሃል?»

ካፖርቷን አንስታ ወደ ሽቦ ቤቱ ሄደች።

ሌስተር ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ድምፁ ተሰነጣጥቋል። አርዲስን ሲያያት ግን ፊቱ ፈካ።

«በቃህ፣ ውጣ» አለችው በሹክሹክታ። «በብርድ ልትሞት ነው።»

«አባትሽ ካልጠሩኝ አልወጣም።»

«አባቴን አታውቀውም!»

«አንቺን አውቅሻለሁ። ያሳደጉሽ እሳቸው ናቸው።»

በሩን አስከፍታ ገባች፤ የተርኪው የመኖ ጆንያ ላይ ተቀመጠችና ማይክሮፎኑን ከእጁ ወሰደች።

«አባዬ፣ እየሰማህ እንደሆነ አውቃለሁ። መዝጋትም አትችልም። ሌስተር ዱዳን አገባዋለሁ። ብትመርቀኝ በደስታ፣ ባትመርቀኝ በእንባ፣ ግን አገባዋለሁ። ዛሬም እሱ ካልተጠራበት ማዕድ እኔ አልቀርብም። እዚሁ ከእሱና ከዚህ ቁጡ ጋር እጾማለሁ።»

«ጎሽ፣ አርዲስ!» አለች መንገዱ ዳር የቆመችው የጥርስ ሐኪሙ ሚስት፤ አጨበጨበች።

ሁለቱ አንድ ብርድ ልብስ ተከናንበው ጠበቁ። እጇ እጁ ውስጥ ነበር።

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል የሃልቮር ጭነት መኪና መጥታ ቆመች። ሽማግሌው ወረዱ፤ ባርኔጣቸው ላይ ላባ ተጣብቋል። ሌስተርን ትክ ብለው አዩት።

«ድምፅህ ሻክሯል። ተርኪዎቼ ከማለዳ ጀምሮ አልተረጋጉም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ብርዱ ነው።»

«ይቅርታህን ማን ፈለገው? ና ውጣ፣ እኛ ቤት መጥተህ ትኩስ ሾርባ ጠጣ። ለተርኪዎቹ ስል ነው።» ማይክሮፎኑን በጥርጣሬ አዩት። «ይሄ ነገር ክፍት ነው እንዴ?»

«ክፍት ነው፣ አባዬ። ከተማው ሁሉ ሰምቶሃል።»

ማዕዱ ላይ ሌስተር ሲያማትብ ሃልቮር እጃቸውን አጣምረው ጠበቁት። ሲጨርስ ባረኩ።

በጸደይ ተጋቡ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሃልቮር አርጅተው ተርኪዎቻቸውን ሸጠው ጨረሱ። አርዲስ አንድ ማለዳ ልትጠይቃቸው ብትመጣ፣ ባዶው የተርኪዎች ቤት ውስጥ በርሜል ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ራዲዮኑ ተከፍቷል።

«አባዬ፣ አሁንስ ለማን ነው?»

«ዝም በይ» አሉ፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው። «እያወራ ነው።»