ከአስራ ሁለት ቁጥር የተሰማው መልስ

ዋንዴራ ከባልዲው አጠገብ በጎኑ ወድቆ ነበር። ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ እርጥብ ነው፤ ግራ እጁ ፎጣውን እንደጨበጠ ቀርቷል። ባልዲው ተገልብጦ ውሃው የዶርሙን ሲሚንቶ አዳርሶታል። ተማሪዎች በድብቅ ውሃ የሚያሞቁበት፣ በእጅ የተጠመዘዘ ሽቦ ከውሃው መሃል ተጋድሟል። የሽቦው ሶኬት ከአልጋው ጀርባ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነው።

ኢንስፔክተር ቸሮቲች የበሩ ደፍ ላይ ቆማ ክፍሉን ቃኘች። ያየችው ሬሳውን ብቻ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ የተከተፈ ዝንጅብል የቀረበት ኩባያ አለ፤ አጠገቡ ጨው የተበጠበጠበት ብርጭቆ። ከበሩ ጀርባ አንድ የብረት ሳህን በገመድ ተንጠልጥሏል፤ ማንኪያ ታስሮበታል። ግድግዳው በሟቹ ፎቶ ተሞልቷል። ከፎቶው ሥር «ዋንዴራን ምረጡ፤ ፈተናችንን ከሌባ እናጽዳ» ይላል።

«ማዳም፣ ነገሩ ግልጽ ነው» አሉ የተማሪዎች ዲን ዶክተር ኦሜንያ ከኋላዋ። «ሽቦ ክልክል ነው። ሽቦው የማን ነው? ቻሮ የሚባል ልጅ። ቻሮ ማን ነው? ዶርም ያልደረሰው፣ የሟቹ ክፍል ወለል ላይ የሚተኛ ደባል። ደባልም ክልክል ነው። እርስዎ ልጁን ይውሰዱት፣ እኔ ከትምህርቱ አባርረዋለሁ፤ ምርጫውም በሰላም ያልፋል።»

«ፈጥነው ጨረሱት፣ ዶክተር።»

«አርባ ሺህ ተማሪ ያለበት ግቢ ነው። ወሬው ከኔ ይፈጥናል።»

«እንግዲያው ከመካከላችን አንዱ እንኳ ቀስ ይበል» አለች።

የራሷ ልጅ ኤልዶሬት ዩኒቨርሲቲ ከገባ ዓመት አልሞላውም። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ነገር ግን በዚህ የሐምሌ ብርድ እሱም እንዲህ ያለ ሽቦ አልጋው ሥር ሳይደብቅ እንደማይቀር ታውቃለችና፣ ዓይኗ ደጋግሞ ወደዚያ ሽቦ ይመለስ ነበር።

ሬሳው ከተነሳ በኋላ መጀመሪያ ያነጋገረችው ንዚዮካን ነበር። ጃኬቱን በወጉ የቆለፈ፣ ጫማው የሚያበራ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«እኔና ዋንዴራ ከመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ አንድ ነን» አላት። «ጓድ ይባባላል ተማሪው ሁሉ፤ እኛ ግን የምር ነበርን።»

«ትናንት ቅስቀሳው ላይ ነበርክ?»

«ምን ጥያቄ ነው ማዳም፣ ድምፅ ማጉያውን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከጎኑ አልተለየሁም።»

«ዛሬ ጠዋትስ አይተኸዋል?»

«አላየሁትም፣ በሩ ዝግ ነበር። አንኳኳሁ። "ልታጠብ ነው፣ በኋላ እንገናኝ" አለኝ ከውስጥ። ደግሞ... በቻሮ ላይ ክፉ መናገር አልፈልግም። ግን "ይሄ የቻሮ ሽቦ ነዘረኝ፣ ጣለው ብለው እምቢ አለ" አለኝ። ትቼው ወደ ትምህርቴ ሄድኩ። ምነው ባልሄድኩ።»

«ደህና ነበር?»

«ዋንዴራ? እንደ ሁልጊዜው ኮሪደሩን የሚያናውጥ ድምፅ ነበረዋ። ለሱ በር ማለት ወረቀት ነው።»

ቸሮቲች ራሷን ነቀነቀች። ጠረጴዛው ላይ ያየችው ዝንጅብል ትዝ ቢላትም ስለ እሱ አልጠየቀችውም።

ሁለተኛው ሙዊቲ ነበር። ክፍሉ ኮሪደሩ መግቢያ ላይ ነው፤ የኮሪደሩ መብራት ብሬከር ያለበት ሳጥንም ከበሩ አጠገብ ተሰቅሏል። ግዙፍ ልጅ ነው፤ አልጋው ጫፍ ላይ ግን ሊታይ እንደማይፈልግ ሰው ተኮማትሮ ተቀምጧል። ሬሳውን መጀመሪያ ያገኘው እሱ ነው።

«በሩን ሰብረህ ነው የገባኸው?»

«ገርበብ ያለ ነበር። ገፋሁት፣ ተከፈተ። መሬት ላይ አየሁት። ሮጬ ተመልሼ ብሬከሩን አወረድኩ። ከዚያ...»

ነገሩን ሳይጨርስ አምፖሉ ጠፋ። ጎረቤት ክፍል ሲዘፍን የነበረው ሬዲዮም ፀጥ አለ። ቸሮቲች ቀና ስትል ከኮሪደሩ ጥግ ድምፅ መጣ።

«ሁለት፣ ነቅለናል።»

«አራት፣ ነቅለናል።»

«ሰባት፣ ቆይ... ቆይ አንተ... ነቅለናል።»

«ሰባቶች እንቁላል እየቀቀላችሁ ነው እንዴ?» አለ ሌላ ድምፅ፤ ማንም አልሳቀም።

ቁጥሮቹ ተከታትለው መጡና ቆሙ። ሙዊቲ ሳያስበው ተነስቶ ሳጥኑ ዘንድ ቆሟል። እጁ ብሬከሩ ላይ ነው። አያነሳውም።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለችው።

«አስራ ሁለትን» አለ። ያለውን ልብ ያለው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ።

በዚህ መሃል ከአስር ቁጥር ፎጣ ያገለደመ ልጅ ወጣ። እስከ አስራ ሁለት ደጃፍ ሄደ፣ በታሸገው በር ፊት ትንሽ ቆመ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ «አስራ ሁለት፣ ነቅለናል» ብሎ ተመለሰ። ሙዊቲ ብሬከሩን አነሳ። መብራት መጣ።

ቸሮቲች ልጁ ገብቶ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ዓይኗን ከጀርባው ላይ አላነሳችም።

«ይሄ ሥርዓት ምንድን ነው?»

«ብርድ ሲሆን ሁሉም ሽቦውን ይሰካል፤ ብሬከሩ ይወርዳል» አላት ሙዊቲ። «ሶኬቱ በየክፍሉ ከአልጋ ጀርባ ነው፣ ለመድረስ ያስቸግራል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ሽቦውን ከውሃ እናወጣለን፤ ከዚያ አልጋ ስበን እንነቅላለን፤ ከዚያ እንመልሳለን። ሁሉም ክፍል ሳይመልስ ማንም ብሬከር አይነካም። ዝም ያለ ክፍል ካለ ሄደን በሩን እናያለን። ማን እንዳወጣው አላውቅም፣ ስንገባ አገኘነው። የዲኑን ሕግ ሁሉ እንጥሳለን ማዳም፣ አልዋሽም። ይሄን ግን ሰክሮ የገባ እንኳ አይጥሰውም።»

«ዛሬ ጠዋት አስራ ሁለት መልሷል?»

«መልሷል። "አስራ ሁለት፣ ነቅለናል" ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። አነሳሁት። ወዲያው ባልዲ ሲወድቅ ተሰማ።» እጁን አየው። «ሳይነቅል ነቅያለሁ አለ ማለት ነው? ዋንዴራ እንደዚህ አይሳሳትም።»

«ድምፁ የሱ ነበር?»

«ኮሪደሩ ጉድጓድ ነው፣ ሁሉንም አንድ ያደርገዋል። ፊቴ ወደ ሳጥኑ ነበር፤ የሱ መሰለኝ። ሌላ የማን ይሆናል?»

«ሳህን ሲመታስ ሰምተሃል?»

«ሳህን?» ሙዊቲ ግራ ገባው። «የምን ሳህን?»

ቻሮን ያገኘችው በጥናት ክፍሉ ጥግ ነው። ቀጭን፣ ከባሕር ዳርቻው ከኪሊፊ የመጣ ልጅ ነው። ለቁርስ የገዛው ማንዳዚ የሚሉት በዘይት የተጠበሰ ብስኩት በወረቀት እንደተጠቀለለ አሁንም እቅፉ ውስጥ ነው፤ ዘይቱ ሸሚዙ ላይ ወርዷል።

«ሽቦው የኔ ነው፣ ማዳም። አልክድም። የጠመዘዝኩት ራሴ ነኝ።»

«ዝንጅብሉስ?»

ቻሮ ያልጠበቀው ጥያቄ ነበር። «እሱም የኔ ነው። ጉሮሮው ተዘግቶ ነበራ። ትናንት ቅስቀሳው ገና ሳይጋመስ ድምፅ ማጉያው ተቃጠለ። እሱ መች ይተዋል፣ በባዶ ጉሮሮው ጮኸው። ማታ ሲገባ ሹክሹክታ እንኳ የለውም። የክሊኒኳ ነርስ "ለጥቂት ቀን ቃል እንዳይወጣህ" አለችው። እኔ ደግሞ "ተመስገን፣ ዛሬ ገና ቤቱ ሰላም ሆነ" ብዬ ሳቅኩበት። ትራስ ወረወረብኝ።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ያው ነው። በእጁ ነበር የሚያወራኝ። መብራት ቢጠፋ በምን ይመልሳል ብዬ ሳህኑን ሰቀልኩለት፤ ነቅሎ ሲጨርስ እንዲመታው። ሰው ቢፈልግ መጣራት አይችልም ብዬ በሩንም ገርበብ አድርጌ ወጣሁ። ለሙዊቲ ስለ ሳህኑ ልነግረው ነበር። ማንዳዚውን ይዤ ስመለስ እነግረዋለሁ አልኩ።» ወረቀቱን ጠበቅ አድርጎ ያዘው። «ስመለስ አልኩ።»

ቸሮቲች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጄ፣ የነገርከኝ ነገር ምን እንደሚያመጣብህ ገብቶሃል? እሱ መናገር ካልቻለ ሌላ ሰው መልሶለታል ማለት ነው። የዚያ ክፍል ሌላው ሰው አንተ ነህ። ዝም ብትል ኖሮ ሁሉም በራሱ ስህተት ሞተ ይሉ ነበር።»

ቻሮ ቀና አለ። «እሱ ስህተት አልሠራማ» አለ። «ምን ብዬ ዝም እላለሁ?»

«ጠላት ነበረው?»

«በነገው ክርክር ላይ ሌላ ሰው በስሙ አስቀምጦ ፈተና ያለፈ ተማሪ ሊያጋልጥ ነበር። ማን ነው ስለው አልነገረኝም። ባለፈው ሰሞን ግን እንቅልፍ አጥቶ ነበር። "ጓደኛዬ ባይሆን ይቀለኝ ነበር" አለኝ።»

ቸሮቲች ወደ ክሊኒኩ ደወለች። ነርሷ የነገረቻት ከቻሮ ቃል ጋር አንድ ሆነ። ከዚያ ሁሉም ጥናት ክፍሉ ውስጥ እንዲሰበሰቡ አደረገች። ዲኑ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ንዚዮካ መስኮቱ ሥር ቆመ። ሙዊቲና ቻሮ ሳይተያዩ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ አለ።

«ዶክተር» አለች ቸሮቲች፣ «ሽቦው ሰው አልገደለም። መብራት ሲጠፋም ሲበራም ሽቦው ያው ሽቦ ነው። ዋንዴራን የገደለው ሦስት ቃል ነው።»

«አልገባኝም።»

«መብራት ጠፋ። ዋንዴራ እንደ ሁሉም ተማሪ ሽቦውን ከውሃ ሊያወጣ እጁን ሰደደ። ለምን አልፈራም? ገና አልመለሰማ። ክፍሉ ሳይመልስ ብሬከር እንደማይነሳ ያውቃል። እናንተ ቸልተኛ ትሉታላችሁ፤ እሱ ግን ሰው ያመነ ልጅ ነበር። ያን ጊዜ "አስራ ሁለት፣ ነቅለናል" የሚል ድምፅ ተሰማ። ሙዊቲም በሥርዓቱ መሠረት አነሳው።»

«ራሱ ቢሆንስ ያለው?»

«ዋንዴራ ከትናንት ማታ ጀምሮ ድምፅ አልነበረውም። ክሊኒኩም ያውቃል። መልሱ ሳህን መምታት ነበር፤ ሳህን ደግሞ ማንም አልሰማም።»

ንዚዮካ የጃኬቱን ቁልፍ ነካ። ዲኑ ወደ ቻሮ ዞሩ። «እንግዲያው ይሄው ደባሉ ነው ያለው። እኔ ምን አልኩ?»

«እኔም አስቤዋለሁ» አለች ቸሮቲች። «ቻሮ ቢሆን ኖሮ ግን ድምፁ መጥፋቱን ለኔ ለምን ይነግረኛል? ያንን መጀመሪያ የነገረኝ እሱ ነው። ሳይነግረኝ ቢቀር ነገሩ የሟቹ ስህተት ሆኖ ይቀበር ነበር። ደግሞም ሟቹ ድምፅ እንደሌለው የሚያውቅ ሰው በሟቹ ስም አይጮህም፤ ውሸቱ ወዲያው ይታወቅበታላ። የጮኸው ዋንዴራ ድምፁ መጥፋቱን የማያውቅ ሰው ነው። ትናንት ቅስቀሳው ላይ ያልነበረ ሰው።»

ቸሮቲች ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ንዚዮካ» አለች ረጋ ብላ፣ «ድምፅ ማጉያውን እስከ መጨረሻው ይዤለት ነበር አልከኝ። ሳይጋመስ ነው የተቃጠለው። በሩ ዝግ ነበር አልከኝ። ገርበብ ያለ ነበር። ከውስጥ መለሰልኝ፣ ኮሪደሩን የሚያናውጥ ድምፅ ነበረው አልከኝ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የሌለ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ያንን ድምፅ የሚያስፈልገው ምክንያት አለው።»

«ማዳም፣ ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፤ አእምሮዬ...»

«ነገ በክርክሩ ላይ ስሙ ሊጠራ የነበረው ማን ነው?»

ንዚዮካ ግድግዳውን ተደግፎ ወደ ታች ተንሸራተተ። ዓይኑን ጫማው ላይ ተከለ።

«እናቴ ለምረቃዬ ልብስ አሰፍታለች» አለ በመጨረሻ። «ሰፈሩን ሁሉ ጠርታለች። ስሜን እንዳይጠራ ልለምነው ነበር የመጣሁት፤ በእግዚአብሔር ስም ልለምነው ብቻ። በበሩ ክፍተት አየሁት። ጀርባውን ሰጥቶኛል። መብራቱ ጠፋ፣ እጁን ሰደደ። አፌ ላይ መጣ። አልነካሁትም እኮ። ጣቴን አላነሳሁበትም። ሦስት ቃል ብቻ...» ዓይኑን ወደ ሙዊቲ አነሳ። «ያነሳው እሱ ነው።»

ሙዊቲ እንደተመታ ሰው ደነገጠ። ቸሮቲች ግን በመካከላቸው ገብታ ቆመች። «እሱ ያነሳው መልስ ሰምቶ ነው። መልሱን በሐሰት የሰጠኸው አንተ ነህ። ይህን በልብህ ያዘው፣ ሌላ ሰው ላይ አትጫነው።»

ንዚዮካን ይዘውት ወጡ። ኮሪደሩ ሙሉ ተማሪ ነበር፤ ሲያልፍ መንገድ ለቀቁለት።

ዶክተር ኦሜንያ ክራቫታቸውን አስተካከሉ። «በል ቻሮ፣ ከእስሩስ ተርፈሃል። ከትምህርትህም አላባርርህም። አስራ ሁለት ቁጥር ግን ታሽጓል። አንተ ደግሞ ዶርም የለህም። ሕግ ሕግ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ዶክተር» አለ ቻሮ። ተነሳ። የት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው አይመስልም ነበር።

ሙዊቲ ከአግዳሚው አልተነሳም። ትልልቅ እጆቹን ጉልበቱ መሃል ቀብሯቸዋል። «ቻሮ» አለ ሳያየው፣ «ብሬከሩን ከእንግዲህ አልነካም። ሌላ ሰው ያንሳው።»

ቻሮ ከፊቱ ቆመ። ቁጣ የሚጠብቅ ሰው እንዴት አንገቱን እንደሚደፋ ቸሮቲች ታውቃለች፤ ሙዊቲ እንደዚያ ጎንበስ አለ። ቻሮ ግን አጠገቡ ተቀመጠ።

«አንተ ካላነሳኸው ማንን እናምናለን?» አለው። ደግሞም ጨመረ፤ «ክፍልህ ወለል አለው?»

«አለው። ግን አንኮራፋለሁ።»

«ከዋንዴራ ጋር ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ማንኮራፋት አታስተምረኝ።»

ሙዊቲ ሳቀ፤ ሳቁም መሃል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ። ቻሮ ክንዱን ትከሻው ላይ ጣለበት።

ቸሮቲች ወደ ዲኑ ዞር አለች። ዶክተር ኦሜንያ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ አንድም ነገር እንዳልሰማ ሰው፣ ግቢውን እየተመለከቱ ነበር።